ከንፈር አይዋሽም

አባቴ ድርቆሽ በከመረ ቁጥር ቀጭን ብረት ወደ ክምሩ ሆድ ይሰድና ጥቂት አቆይቶ ይመዘው ነበር። ከዚያ የብረቱን ጫፍ ከንፈሩ ላይ ያሳርፋል። ድርቆሽ እርጥበት እንደያዘ ከተከመረ ከውስጥ ራሱን ያሞቃል፤ ዝም ካሉት ማንም ሳይለኩሰው ይጤሳል። ለምን በመዳፉ እንደማይነካው ስጠይቀው፣ የገበሬ መዳፍ ይዋሻል፣ ከንፈር አይዋሽም አለኝ። እርሱ ሲሞት ብረቱም እኔም ለወንድሜ ደረስን።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ከስድስተኛ ክፍል ያስወጣኝ ቤት ውስጥ የሚረዳ እጅ ስላጣ ነው። ሚስቱ ለሞተችበት፣ ጋዝጊብላ ለሚኖር ለመንደራችን ሰው ሊሰጠኝ ቃል የገባውም ስላሰበልኝ ነው፤ እርሱ እንዲህ ይላል። ሰውየው ከእኔ የሚበልጡ ሴት ልጆች ነበሩት። ፊቱን በደንብ አይቼው አላውቅም፤ የማስታውሰው ሳሉን ነው። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ክር የሚያቀልሙ አንዲት ሴት የሥራ ልጅ እንደሚፈልጉ ሲሰማ ግን ወንድሜ ለጊዜው ሂጂ አለኝ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሴትዮዋ እስካቆዩኝ ድረስ እዚያው እሆናለሁ፤ ከመለሱኝ ሠርግ ነው።

እትዬ እላቸው ነበር፤ አሁንም እላቸዋለሁ። ግቢያቸው ከገበያው ቁልቁል ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ትልልቅ በርሜሎች ተጥደው ክር ይቀለማል፤ ሸማኔዎች እየመጡ ለቀሚስና ለነጠላ ጥለት ይወስዱታል። ከእኔ ሌላ ከጽጽቃ የመጣች ልጅ ነበረች። በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ በምላስ ግን እናቴ ልትሆን ትችላለች። እትዬ በሌሉበት በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ እናወራለን፤ ማለቴ እርሷ ታወራለች። እትዬ ሲመጡ ያወራችውን ወደ አማርኛ ትገለብጠውና በእኔ ታስቃቸዋለች። ይቺን ለማናገር ደብተራ መጥራት ያስፈልጋል ትላለች። እትዬ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ በዚያን ጊዜ ሌላ የምይዘው ፊት አልነበረኝም።

ያለ ነጩ ዱቄት ሥራ አልነበረም። ስሙ በርሜሉ ላይ በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል፤ እኛ ነጩ እንለዋለን። ሰማያዊውን ቀለም ውሃ ውስጥ የሚያሟሟው እርሱ ነው፤ የተበላሸ ክር ሲገኝም ቀለሙን ያስለቅቃል። ሲያዩት ስኳር ይመስላል፤ ሲያሸቱት የተጫረ ክብሪት ነው። ከአዲስ አበባ ተጭኖ እስኪደርስ ብዙ ስለሚቆይ እትዬ ማንንም አያስነኩትም ነበር። በርሜሉን ራሳቸው ይከፍታሉ፤ ሲዘጉትም ክዳኑን በጡጫቸው ይመቱታል።

በዚያ ክረምት ሥራ የበዛው የልጃገረዶች በዓል ሻደይ ስለቀረበ ነው። የሰቆጣ ልጃገረድ ሁሉ ለሻደይ አዲስ ጥለት ትፈልጋለች። ሻደይ ካለፈ በኋላ ግን ሥራው ይቀዘቅዛል። እትዬ ያኔ አንዳችሁን እሸኛለሁ ብለውን ነበር፤ የትኛችንን እንደሆነ ግን አልነገሩንም። ሁለታችንም በሙሉ ልባችን እንድንሠራላቸው ይሆናል። የጽጽቃዋ ልጅም መመለሻ አልነበራትም፤ እናቷ ሌላ ባል አግብታ የእርሷን መደብ ለእንጀራ ልጆቿ ሰጥታለች። ስለዚህ ማለዳ ከእኔ ቀድማ ትነሳለች፤ እኔ ደግሞ ከእርሷ ለመቅደም በጨለማ እነሳለሁ። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ሲጠብቅ ሰላምታ እንኳ ይከብዳል።

ነሐሴ ሲገባ የጣለው ዝናብ በዳሱ ጣራ የምስማር ቀዳዳ ገባ። ከቀዳዳው ሥር የነጩ በርሜል ነበር፤ ክዳኑ በአንድ በኩል አልገጠመም። ማለዳ ስንከፍተው የላዩ ዱቄት ረጥቦ እንደ ጨው አሞሌ ተጋግሯል፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ጎረቤቶች ሽታውን ሰምተው ስላማረሩ በማግስቱ ከከተማው ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ መጣ። ከጎጃም በኩል የተመደበ ወጣት ነው፤ ጫማው እንዳይበላሽ ጭቃውን እየዘለለ ገባ።

ነገሩን ከመናገር ይልቅ ማሳየት መረጠ። ከበርሜሉ ታች ደረቁን ዱቄት አወጣና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ክንድ የምታክል ቀጭን መስመር አደረገው። አንዱን ጫፍ በክብሪት ለኮሰና ስልኩን እያየ ጊዜ ቆጠረ። እሳቱ አልፈነዳም። እንደ አባጨጓሬ እየተሳበ፣ ቢጫ ጭስ እየተፋ፣ መስመሩን እስከ ጫፍ በላው። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ባለሙያው ግን ይህ ቀላሉ ነው አለ።

ቀጥሎ ከአሮጌ ወንፊት ቆርጦ ትንሽ ቅርጫት ሠራና የረጠበውን ዱቄት ሞላበት። ከሰል ምድጃው ላይ፣ ነበልባል በማይደርስበት፣ እጅ በሚችለው ሙቀት ላይ ሰቀለው። መሐሉ ላይ የሙቀት መለኪያ ተከለ። እየጠበቅን ሳለ የጽጽቃዋ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በኽምጥኛ፣ ባለሙያው ራሱስ ሲረጥብ ይሞቃል ወይ አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ባለሙያው ዘወር ብሎ እኔን ብቻ አየ። ጥቂት ቆይቶ መለኪያው በዙሪያው ካለው አየር በላይ ወጣ፤ ከሰሉን ገለል ሲያደርገው እንኳ ሙቀቱ መጨመሩን አላቆመም። ከዚያ ቅርጫቱ ጤሰ።

«አያችሁ? ይህ እሳት አይፈልግም፤ እሳቱ ራሱ ነው» አለ።

የረጠበውን ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ከሰው ርቀን እንድንጥለው ነገረን። እንዳይከመር፣ እንዳይከደን አስጠነቀቀ። ቢነድ ውሃው እንደ ጎርፍ ይሁን፣ አንድ ጣሳ ውሃ ከቤንዚን አይሻልም አለ። እትዬ እሺ፣ እሺ እያሉ ጠላ ቀዱለት። ጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ ጭቃውን እየዘለለ ሄደ።

በሩ ሲዘጋ እትዬ ወደ እኛ ዞሩ። ጠላዬን ጠጥቶ ስለ ሙቀት ሊያስተምረኝ ነው አሉ። እርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ብቅል ያበቀሉ ሴት ናቸው። ገብሱ ተነክሮ ይበቅላል፣ ይከመራል፣ በጉሎ ቅጠልና በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈናል። ያኔ ከውስጥ ራሱን ያሞቃል፤ እጅ ሲሰዱበት እንደ እንስሳ ሆድ ይግላል። እዚህ አገር ይህ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ ሲሞቅ ደረሰ ይባላል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

«ብቅል ስለሞቀ ይጣላል እንዴ?» አሉን። የጽጽቃዋ ልጅ ቀድማ፣ እንዴት ተደርጎ አለች።

ዝናቡ ባባራ ጊዜ ሸራ አነጠፍን፤ የተጋገረውን በእጃችን እየፈረፈርን አሰጣነው። ጣቶቻችን ነጡ፤ ጉሮሯችን ታነቀ። የጽጽቃዋ ልጅ ነጠላዋን አፏ ላይ አስራ ስለ እኔ አዲስ ቀልድ ታወጣ ነበር። የጋዝጊብላው ሽማግሌ ሲስል ሰምቻለሁ፣ አንቺም ከአሁኑ ማሳል ተለማመጂ፣ አብራችሁ ትስላላችሁ አለችኝ። ባይነግሯትም ስለ ሰውየው ታውቃለች። ሁሉም ያውቅ ነበር።

ዱቄቱ ሳይደርቅ ደመና መጣ። እትዬ ሰብስቡት አሉ። ግቢው መሐል ላይ ክምር አደረግነው፤ እንደ ብቅል በማዳበሪያ ሸፈኑት፤ ነፋስ እንዳይገልጠው ዙሪያውን በድንጋይ አስጫኑን። ከላይ ሸራ ደረቡበት። ባለሙያው አትክመሩ፣ አትክደኑ ማለቱ በጆሮዬ ነበር። ለመናገር አፌን ስከፍት እትዬ ድንጋዩን አስተካክይ አሉኝ፤ አስተካከልሁ።

ምሳ ከበላን በኋላ ከማዳበሪያው ሥር ሽታው ለየት አለ። እትዬ ቀጭን ፌሮ እንዳመጣ ላኩኝ። እርሳቸውም የገበሬ ልጅ ናቸው፤ የድርቆሹን ብረት ያውቁታል። ፌሮውን ራሳቸው ክምሩ ሆድ ውስጥ ሰደዱትና ቆምን። ከዚያ ሁለታችንን አየት አድርገው ዛሬ ማን ማን እንደሆነች እናያለን አሉ። አባባላቸው ለእኔ የገባኝ ያኔ ነው። ከሻደይ በኋላ የምትቀረዋን ሊመርጡ ነው።

በመጀመሪያ እኔን ጠሩኝ። ፌሮውን መዝዤ ሳልዘገይ የከንፈሬ ቀኝ በኩል ላይ አሳረፍሁት። አባቴ እንዲህ ያደርግ ነበር። ቆዳዬ ብረቱ ላይ ቀረ።

«ይሞቃል» አልሁ።

እትዬ ለማን ነው የምትናገሪው፣ ለጉልበትሽ ነው አሉኝ። የጽጽቃዋ ልጅ ሳቀች። ከንፈሬ እየነደደ ድምፄን ለማውጣት ሞከርሁ።

«በጣም ይሞቃል፣ እትዬ። ይጣል።»

በዚያ ግቢ እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ ፌሮው ተመልሶ ገባና የእርሷ ተራ ሆነ። መዘዘችው። ግን ወዲያው ከንፈሯ ላይ አላደረገችውም። እንደ አለንጋ አየር ላይ እያወዛወዘችው፣ ይቺ ልጅ ባል ናፍቋት ብረት ሳመች ብላ እትዬን አሳቀቻቸው። እንደገና አወዛወዘችው። እኔ ብረቱን እንጂ እርሷን አላይም ነበር። ሳቁ ሲበርድ ብረቱም በርዷል። ያኔ ከንፈሯ ላይ አሳረፈችውና ዓይኗን ሳታርገበግብ ለብ ብሏል፣ ብቅል ነው አለች።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። የእኔ ከንፈር ከፊታቸው ነበር፤ ውሃ ቋጥሯል። አይተውታል። ግን ዱቄቱ ከተጣለ የሻደይ ክር ግማሹ አይቀለምም፤ ሸማኔዎቹ በሩ ላይ ናቸው። የጽጽቃዋን ልጅ ገብታ ክር እንድታሰጣ ላኳት። ለእኔ የቆርቆሮ ጣሳ ሰጡኝ።

«ይሞቃል ካልሽ አንቺው አንሺው። ወደ በርሜሉ መልሺ።»

እምቢ ማለት ወደዚያ ሰውዬ ሳል መመለስ ነበር። ድንጋዮቹን አነሳሁ፤ ሸራውን ገፈፍሁ። ማዳበሪያው ውስጡ ቀልጦ ተጣብቋል። ስቤ ስገልጠው ክምሩ ጨው ምድጃ ውስጥ የገባ ይመስል ተንጣጣ። አንድ ጣሳ ዛቅሁ። የዛቅሁበት ጉድጓድ ቀልቶ አየሁት፤ አየር ሲያገኝ ነበልባል ሆነ፤ ቀኝ እጄን እስከ ክርን ይዞ ወጣ። ጭሱ ዓይኔን ዘጋው። እትዬ ያገኙትን አንድ ጆግ ውሃ ክምሩ ላይ ደፉ። ባለሙያው ያለው ሆነ፤ ክምሩ ተተኮሰ፤ ፍንጣሪው እንደገና እኔ ላይ አረፈ።

ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ እጄን ደረቴ ላይ ይዤ ሳለ የእትዬ ድምፅ ከላዬ መጣ። ከሥሩ የተረፈ አለ ወይ ብለው የጽጽቃዋን ልጅ ይጠይቁ ነበር።

ጤና ጣቢያ ከመሄዴ በፊት እጄን የጥርስ ሳሙና ቀቡኝ። ነርሷ ሳሙናውን ስትጠርግልኝ እናንተ የዱር ሰዎች፣ ጥርስ ይመስል ትቦርሹታላችሁ አለችኝ። እኔ እንዳልቀባሁት አልነገርኋትም። ጣቶቼ እንዳይጣበቁ በየመሐላቸው ጨርቅ አደረገችልኝ፤ የሁለቱን ግን መጨረሻቸውን አላውቅም አለች። ባለሙያው ወሬውን ሰምቶ ግቢው በር ድረስ መጥቶ ነበር። ውሃ ደፋችሁበት አይደል ብሎ እትዬን ጠየቀ፤ አዎ ሲሉት ራሱን ነቀነቀ። ወደ እኔ አላየም።

ሻደይ ደረሰ። ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ለምለሙን የሻደይ ሣር አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ ከቤት ወደ ቤት ይሄዱ ጀመር። ጥለታቸውን ከእኛ ዳስ የወጣ ክር አስጊጦታል፤ ከበርሜሉ ታች በተረፈው ደረቅ ዱቄት የጽጽቃዋ ልጅ ብቻዋን ቀልማ አድርሳለች። ወደ እኛ ግቢ ሲገቡ ከፊት ሆና የምታዘፍነው እርሷ ነበረች። እኔ ጓዳ ውስጥ ነበርሁ፤ እጄ ተጠቅልሏል። እትዬን አወድሰው ሲጨርሱ ድምፁን ወደ ጓዳው አዞረችው።

ባል ታጭቶላት ሳለ ከጋዝጊብላ ማዶ፣
ብረት ስማ መጣች ከንፈሯ ተማግዶ።

ልጆቹ ተቀበሉ። የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ ላይ አዩ። ግጥሙ ጥሩ ነበር፤ ከበሮው ላይ ገጠመ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ሸለሟቸው። ለወትሮው እንደማደርገው እኔም ለመሳቅ ሞከርሁ፤ የከንፈሬ ቅርፊት ተሰነጠቀና ደም ወጣ። ልጆቹ ግጥሙን ይዘውት ሄዱ፤ በሌላው ግቢ፣ ከዚያም በሌላው ሲዘፈን ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር።

በዓሉ ሲያልፍ ወንድሜ መጣ። እጄን ፈትተው አሳዩት። አገላብጦ አየው፤ ከንፈሬንም አየ። ለእትዬ እንጂ ለእኔ አልተናገረም፤ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ሰውየው ወሬውን ሰምቶ ሐሳቡን አንስቷል አለ። የልጆች እናት ፈልጎ ነበር፤ የምትመገብ ሳይሆን የምትመግብ። እትዬ ውሎ እንዲሄድ ለመኑት፤ መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ እህል ሳይቀምስ ወጣ። ከበሩ ላይ ዞሮ በርቺ አለኝ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ሁለታችንን ጠሩን። የጽጽቃዋ ልጅ ቀለም የነካውን እጇን ጠርጋ፣ ጸጉሯን አስተካክላ ቀረበች። የሻደይን ሥራ ብቻዋን ያደረሰች እርሷ ናት፤ ዳሱ የእርሷ እንደሆነ ሁላችንም አውቀን ነበር። እትዬ ግን ልብሷን እንድትሰበስብ ነገሯት። ልጅቱ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል። ከዚያ ምን አጠፋሁ አለች።

«አላጠፋሽም። ቆንጆ ነሽ፣ ዛሬ ነገ ታገቢያለሽ፤ ያስተማርሁት ሁሉ ለሰው ነው።» በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ይቺን ከእንግዲህ ማን ይወስዳታል?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ደግ ነበር። እንደ ምርቃት ነው የተናገሩት። እኔም የፈለግሁት ቦታ ተሰጠኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ በግራ እጄ ይዤ።

የጽጽቃዋ ልጅ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ በሩን የምከፍትላት እኔ ሆንሁ። አላለቀሰችም። ከንፈሬን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በኽምጥኛ፣ በቀስታ ተናገረች፤ በእኔ ድምፅ ማለት ነው።

«እኔም ተሰምቶኝ ነበር፤ ስመዘው እጄ ላይ ነደደኝ። ግን አንቺ ቀድመሽ ይሞቃል ብለሻል። እኔም ያንኑ ብል በምን እለያለሁ?»

ፌስታሏን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ ቁልቁል ወረደች። ጽጽቃ እንዳልገባች፣ ሌላ ከተማ ሰው ቤት እንደተቀጠረች ኋላ ሰማሁ። ግጥሟ ግን እዚሁ ቀረ፤ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሕፃናት ይሉታል፤ ስለማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም።

ጥቅምት ላይ አዲስ በርሜል መጣ። እትዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ነጩን በእጃቸው አይነኩም። ክዳኑን ከፍተው ገለል አሉና ፌሮውን ለእኔ ሰጡኝ፤ የአንቺ እጅ ለምዶታል አሉኝ። ሁለቱ ጣቶቼ ስለማይታጠፉ በሦስቱ ያዝሁት። ወደ ዱቄቱ ሆድ ሰደድሁ፣ ቆየሁ፣ መዘዝሁ። ከልማድ የተነሳ ወደ ቀኙ ከንፈሬ አደረግሁት፤ ምንም አልተሰማኝም። ቀዝቃዛ ነው ልል አፌን ከፈትሁና ተውሁት። የቃጠሎው ቆዳ ይሙቅ ይቀዝቅዝ አያውቅም፤ እንደ አባቴ መዳፍ ሆኗል።

እትዬ ከሩቅ ሆነው፣ እህሳ አሉ።

ፌሮውን እንደገና ሰደድሁት፤ ስመዘው ሳላወዛውዝ በግራ በኩል አሳረፍሁት። የግራው ገና አይዋሽም።